አዲስ የኤሌክትሪክ ባቡር ሞዴል ሲደርስዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ላይ ባቡር አያልፍም። ከደጀን ተነስተው ባሕር ዳር እስኪገቡ አንድ ሐዲድ አያዩም። ባቡር ወዳጅ ግን አልጠፋም። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ኮምፔንሳቶ ላይ ሐዲድ ዘርግተን ማታ ማታ ባቡር የምንነዳ ሰዎች አለን። አዲስ ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎ የሚጎትተው የባቡሩ ራስ፣ የአንዳችን እጅ የገባ ቀን ወሬው ለሁላችንም ይደርሳል።

ሰሞኑን ወሬው የቬክትሮን ነው። ቬክትሮን ሲመንስ በ2010 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሲሆን ዛሬ አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል። ሞዴሉን ማርክሊንም፣ ሮኮም፣ ፒኮም ይሠሩታል። በየጊዜው በአዲስ ቀለምና በአዲስ ቁጥር ይወጣል። እውነተኛው ርዝመቱ 19 ሜትር ገደማ ነው። በኤችኦ መጠን፣ ማለትም በ1:87፣ 218 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መዳፍዎ ላይ ሲያስቀምጡት ክብደቱ ራሱ ደስ ይላል።

ታዲያ ስለ አዲስ ሞዴል የምሰማው ቅሬታ አብዛኛው የሎኮሞቲቩ ጥፋት አይደለም። የሐዲዱ፣ የመብራቱ ወይም የችኮላ ጥፋት ነው። እዚህ እኛ ዘንድ ደግሞ የተሳሳተ ፍርድ ዋጋ ያስከፍላል። ዕቃው የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። «ተበላሽቷል» ብሎ መልሶ ለመላክ ሌላ ተጓዥ መጠበቅ ሊኖርብዎ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልዘርዝር።

ዓይነቱን ሳይለዩ ማዘዝ

ትልቁ ስህተት ዕቃው ገና ሳይገዛ የሚሠራው ነው። «ቬክትሮን ግዛልኝ» ብሎ ጀርመን ላለ ወንድም መልእክት መላክ አይበቃም። አንዱ ሎኮሞቲቭ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ቁጥር፣ ግን በተለያየ ዓይነት ይሸጣል። በሁለት ሐዲድ ላይ በዲሲ የሚሄድ አለ። እሱም ዲኮደር (በሐዲዱ የሚላክለትን ዲጂታል ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ሰሌዳ) የሌለው፣ ዲኮደር ያለው፣ ዲኮደርና ድምፅ ያለው ተብሎ ይከፈላል። ከነዚህ ሌላ ለማርክሊን ሥርዓት የተሠራ አለ። በማርክሊን ሥርዓት መሃል ላይ ረድፍ የያዙ ትንንሽ ብረቶች አሉ። ሎኮሞቲቩ ከሆዱ ሥር ባለ ረጅም ማንሸራተቻ ኃይሉን ከእነሱ ይወስዳል።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልዎት። የማርክሊን ዓይነቱ ሎኮሞቲቭ የግራና የቀኝ ጎማው በኤሌክትሪክ የተለያየ አይደለም። ተራው ባለ ሁለት ሐዲድ መስመር ላይ ባስቀመጡት ቅጽበት ሾርት ያደርጋል። ሰውየው «አዲሱ ሞዴል ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ሾርት አደረገ» ይላል። ሎኮሞቲቩ ግን ምንም አልሆነም፤ የመጣው የሌላ ሰው ሐዲድ ላይ ነው። መልእክት ሲልኩ የሚፈልጉትን የምርት ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ ይጻፉ። አንዷ አሃዝ ዓይነቱን ትቀይረዋለችና።

የሚገዛልዎትን ሰው አንድ ነገር ደግሞ ይለምኑት፦ ሱቁ ውስጥ አስነድቶ ይይ። አብዛኞቹ የሞዴል ባቡር ሱቆች የሙከራ ሐዲድ አላቸው፤ ከጠየቁ ያሳያሉ። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ የፊት መብራት፣ የኋላ መብራት። ይህች ሙከራ ከባሕር ዳር ሆነው የማይችሉትን ሥራ ትሠራልዎታለች። ሻንጣ ሲታሸግ ደግሞ ሎኮሞቲቩ ከፕላስቲክ ቅርፊቱ አይውጣ፤ በእጅ የሚያዘው ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

ሶኬት ላይ ዝም ብሎ መሰካት

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ዘመዱ አሜሪካ የሆነ ሰው ሎኮሞቲቩን ከነሐዲዱና ከነአዳፕተሩ ባንድ ካርቶን ያመጣለታል። የሶኬት መቀየሪያ ገዝቶ ይሰካና ያበቃል። ዳንግላ ያለ ወዳጄ ቤት የደረሰው ይኸው ነው። አዳፕተሩ ሸተተ፣ ጋለ፣ ሞተ።

የሶኬት መቀየሪያ እግሩን ነው እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ከመሰካትዎ በፊት አዳፕተሩን ገልብጠው ኢንፑት የሚለውን መስመር ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ከሆነ ይሰኩ። 120 ብቻ ከሆነ አይንኩት። እዚሁ ገበያ 220 የሚቀበል ሌላ አዳፕተር ይፈልጉ። የሚያወጣው ቮልት፣ አምፔር፣ ዲሲ ወይም ኤሲ መሆኑ፣ የፕላስና የማይነስ አቅጣጫው ሁሉ ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለበት።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ዝም ብለው አይቀመጡ። ኮንትሮለሩን፣ ማለትም ባቡሩን የሚነዱበትን ሳጥን፣ ከዲቫይደሩ ይንቀሉት። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።

ዲኮደር ያለውን በድሮው ኮንትሮለር ፈትኖ «ሰነፍ ነው» ማለት

ዲኮደርና ድምፅ ያለው ሎኮሞቲቭ በተራው የዲሲ ኮንትሮለርም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ግን ቶሎ አይነሳም። ዲኮደሩ መጀመሪያ ራሱ መንቃት አለበት፣ ለዚያም የተወሰነ ቮልት ይፈልጋል። ቁልፉን ትንሽ ሲያዞሩት ዝም ይላል። ግማሽ አካባቢ ሲደርስ ድምፁ ይሰማል፣ ከዚያ ይንቀሳቀሳል። ይህ ጠባዩ ነው፤ ብልሽት አይደለም።

የተገላቢጦሹ ግን አደገኛ ነው። ዲኮደር የሌለውን ሎኮሞቲቭ ዲጂታል ሐዲድ ላይ አቁመው አይተዉት። ሞተሩ ቆሞም ይንጫረራል፣ ይግላል።

ሳያሟሹ መፍረድ

ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም፣ ሎኮሞቲቭም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ ይጮሃል፣ የማርሾቹ ጥርሶች ገና አልተላመዱም፣ ግራሶው አንድ ቦታ ተሰብስቧል። ሰው ግን ከካርቶን ባወጣው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፉርጎ ቀጥሎ በሙሉ ፍጥነት ይለቀዋል። ከዚያ «ድምፁ ይረብሻል» ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ያለ ፉርጎ፣ በመካከለኛ ፍጥነት፣ ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ ይንዱት። ዙሪያ መስመር ካለዎት የዙሩን አቅጣጫም ይቀያይሩ። ከዚያ በኋላ ዝቅተኛውን ፍጥነት ይሞክሩ። ጥሩ ሎኮሞቲቭ የሚለየው በሩጫው ሳይሆን በዝግታው ነው። ሳይንገጫገጭ፣ እንቅልፉ እንዳልለቀቀው ሰው ቀስ ብሎ ተነስቶ ቀስ ብሎ ከቆመ ሞተሩም ዲኮደሩም ደህና ናቸው።

ፓንቶግራፉን አለማወቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ውበቱ ጣሪያው ላይ፣ ከሽቦ ኃይል የሚወስደው ክንዱ ማለትም ፓንቶግራፉ ያለበት ቦታ ነው። ስህተቱም የሚበዛው እዚያው ነው።

መጀመሪያ፣ ሽቦ ስላልዘረጋን ሎኮሞቲቩ አይሄድም የሚሉ ሰዎች አሉ። ይሄዳል። የዛሬ ሞዴሎች ኃይላቸውን የሚወስዱት ከሐዲዱ ነው። ላይ ያለው ሽቦ ለመልክ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው እውነተኛ ባቡር ከሽቦው 25 ኪሎ ቮልት ይወስዳል፤ ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ግን በእግሩ ነው የሚበላው።

ሁለተኛ፣ አራቱንም ፓንቶግራፍ አንስቶ ፎቶ ማንሳት። ብዙ አገር የሚያቋርጠው ቬክትሮን ጣሪያው ላይ አራት ፓንቶግራፍ አለው። አራቱ የተቀመጡት አብረው እንዲነሱ አይደለም። እያንዳንዱ አገር የሚፈልገው የተለያየ ስለሆነ ነው። ጀርመንና ኦስትሪያ 1950 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ይጠቀማሉ። ስዊዘርላንድ 1450 የሆነውን ጠባብ ትፈልጋለች። በሞዴሉ ላይ ሰፊው 22 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጠባቡ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። አምፖል ሥር ይዘው ከላይ ቢያዩት ልዩነቱ በዓይን ይለያል። ባቡርዎ የጀርመን ፉርጎ እየጎተተ ከሆነ ከሰፊዎቹ አንዱን ብቻ ያንሱ። እሱም ከጉዞው አቅጣጫ ወደኋላ ያለው ይሁን። በእውነተኛው ባቡር ኋለኛው ይመረጣል፤ ቢሰበር ስብርባሪው ሌላውን ፓንቶግራፍ እንዳይመታ።

ሦስተኛ፣ አያያዙ። ፓንቶግራፍ ክንዱ ከክር ብዙም አይወፍርም፣ ስፕሪንጉ ደግሞ ከዚያ ይቀጥናል። በሁለት ጣት ጭንቅላቱን ይዞ መጎተት ያጣምመዋል። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ከሥር፣ ክንዱ ከሚታጠፍበት ቦታ ቀስ አድርገው ያንሱት። ሲያወርዱም ጭንቅላቱን መሃል ላይ ተጭነው፣ መያዣው ላይ ጠቅ እስኪል ነው። በሞተር የሚነሳና የሚወርድ ዓይነት ከገዙ ግን በእጅ ጭራሽ አይንኩት። ውስጡ ያለውን ማንሻ ይሰብሩታል። ሎኮሞቲቩን ሲያነሱም ከጎኑ እንጂ ከጣሪያው አይያዙ። ጣሪያው ላይ ያሉት ትንንሽ ኢንሱሌተሮች አንዴ ከተነቀሉ ምንጣፍ ውስጥ ይጠፋሉ።

ለጠባብ ኩርባና ለከባድ ዳገት ሳያስቡ መዘርጋት

ቤታችን ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ኩርባውም ይጠባል። የተለመደው ትንሹ ኩርባ ራዲየሱ 360 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ባለ አራት አክስሉ ቬክትሮን እዚያ ላይ ይዞራል። ባለ ስድስት አክስል ሎኮሞቲቭ ሲሆን ግን መመሪያው ላይ የተጻፈውን ትንሹን ራዲየስ ሳያዩ አይግዙ። የሽቦ ምሰሶ ከተከሉ ደግሞ ኩርባው ላይ ረጅም የመንገደኛ ፉርጎ ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ የሎኮሞቲቩ አፍንጫ ወደ ውጭ እንደሚወጣ ያስቡ። ምሰሶውን በሙጫ ከማጣበቅዎ በፊት ረጅሙን ፉርጎ በእጅ እየገፉ ያሳልፉ።

ዳገት ላይ የእኛ ሰው ፈተናው ሌላ ነው። ሁሉም የዓባይን በረሃ መሥራት ይፈልጋል! ደጀን ቆሞ ወደታች ያየ ሰው ይህ ፍላጎት አይገርመውም። ነገር ግን ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በ1:87 ቢሠራ ከ11 ሜትር በላይ ከፍታ ይፈልጋል፤ የሦስት ፎቅ ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰው ያሳጥረዋል፣ ሲያሳጥረው ደግሞ ዳገቱን ያከብደዋል። በአንድ ሜትር ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ አይውጡ። ከዚያ በላይ ከሆነ ጎማው ይንሸራተታል፣ ጥፋቱም ሎኮሞቲቩ ላይ ይለጠፋል። ሸለቆውን በሥዕልና በካርቶን ገደል ያሳዩ፤ ሐዲዱ ግን በገደሉ ወገብ ላይ ለጥ ብሎ ይለፍ።

ሐዲድን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ

በጋ ላይ አቧራ፣ ክረምት ላይ የጣና እርጥበት አለብን። ሎኮሞቲቩ እየሄደ ከቆመ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሐዲዱ ነው። ነጭ ጨርቅ ጣትዎ ላይ ጠቅልለው አንድ ሜትር ያህል ሐዲዱን ያሻሹ። ጥቁር መስመር ከወጣ መልሱን አግኝተዋል።

ብርጭቆ ወረቀት ግን አይጠቀሙ። ሐዲዱን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ በፍጥነት ይሰበሰባል። የብረት ድስት መፈተጊያ ደግሞ የባሰ ነው። ጥቃቅን የብረት ክሮቹ በሞተሩ ማግኔት ይሳቡና ውስጥ ገብተው ሾርት ያደርጋሉ። ጨርቅና ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ይበቃል። ውሃው ያነሰው፣ ጠንከር ያለው ይሻላል። እስኪደርቅ ይጠብቁና ይንዱ።

ዘይትም ላይ ሰው ለጋስ ነው። የሚፈለገው በመርፌ ጫፍ የምትቆም ጠብታ ናት፣ እሱም መመሪያው ያሳየዎት ቦታ ላይ ብቻ። የምግብ ዘይት ይረጋል። የሞተር ሳይክል ዘይትም ለዚህ አይሆንም። የተረፈው ዘይት ጎማው ላይ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት ያሟሟታል፣ ከዚያ መጎተት ያቆማል።

ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አይጣሏት። ክረምቱን ሎኮሞቲቩ ከእሷ ጋር ይደር።

የዲኮደር ቁጥሮችን ባንዴ መቀያየር

አዲስ ዲጂታል ሎኮሞቲቭ አድራሻው ብዙ ጊዜ 3 ነው። ሁለት አዲስ ሎኮሞቲቭ ሐዲድ ላይ አቁመው 3 ቁጥርን ቢጠሩ ሁለቱም ይነሳሉ። አንዱን ብቻ ሐዲዱ ላይ አድርገው አድራሻውን ይቀይሩ። ሌሎቹን ቁጥሮች፣ የመነሻ ፍጥነቱን፣ የፍሬኑን ርቀት፣ የድምፁን መጠን፣ አንድ በአንድ ይንኩ። የድሮውን ቁጥር ደብተር ላይ ሳይጽፉ አዲሱን አያስገቡ። ሁሉም ከተዘበራረቀ ብዙ ዲኮደሮች ሲቪ 8 ላይ (ሲቪ የሚባሉት እነዚህ የዲኮደሩ ማስተካከያዎች ናቸው) 8 ሲጻፍ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመለሳሉ። መመሪያውን አይተው ያረጋግጡ።

የፕላስቲክ ከረጢቱን ዕቃ ሁሉ መለጠፍ

ከሎኮሞቲቩ ጋር በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት የሚመጡት ቱቦዎችና መንጠቆዎች ፊቱን ያሳምሩታል። ፉርጎ በሚቀጠልበት በኩል ግን አይለጥፏቸው። ኩርባ ላይ ማያያዣውን ይይዙትና ፉርጎውን ከሐዲድ ያወጡታል። ፎቶ በሚነሳበት ፊት ብቻ ይሁኑ።

ሁኔታውን ሳይናገሩ አስተያየት መስጠት

የመጨረሻው ስህተት ሌላውን ሰው ይጎዳል። «አሪፍ ነው» ወይም «አይረባም» ሲባል ቡሬ ያለው ወዳጃችን በዚያ ቃል ተነስቶ ገንዘቡን ያወጣል፣ ወይም ይተወዋል። እኛ ሁለት መግዛት የማንችል፣ መመለስም የማይቀናን ሰዎች ነን። ስለዚህ ሲነግሩት በምን ኮንትሮለር እንደነዱት ይንገሩት። የኩርባውን ራዲየስ፣ የዳገቱን ልክ፣ ስንት ፉርጎ እንደጎተተ፣ ከማሟሸት በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ይጨምሩ። የማይወዱትን ነገር ሲናገሩም ቦታውን ጠቁመው ይናገሩ፦ የፊት መብራቱ ነጭነቱ በዝቷል፣ ወይም የጎኑ ጽሑፍ በማጉያ መስተዋት አይነበብም። ያኔ ቡሬ ያለው ሰው የራሱን ሐዲድ አይቶ ይወስናል።