ተጠባባቂ ኃይል ከመግባታችሁ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ የምትጨርሱት ሥራ

ልጅ ላለው ሰው ተጠባባቂ ኃይል (ሠልጥኖ ወደ ቤቱ የሚመለስ፣ ሲጠራ ግን የሚዘምት ኃይል) መግባት የግል ውሳኔ አይደለም፤ የቤት ውሳኔ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ሥልጠናው ነው። ሥልጠና ግን መነሻውና ማብቂያው የታወቀ ነው፤ ቤት የሚፈተነው ጥሪ ሲመጣ ነው። ስለዚህ አቅማችሁን የመመለሻው ቀን ባልታወቀበት ወር መዝኑት።

መጀመሪያ «ውትድርና ግዴታ ነው» የሚለውን ወሬ ከእውነቱ ለዩ። ዛሬ በአገራችን የግዴታ ውትድርና የለም። በ1975 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ግን ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት ይቆይ ነበር። አማቶቻችሁና ወላጆቻችሁ «ተጠባባቂ» ሲባል የሚደነግጡት ያንን ዘመን ስለሚያስታውሱ ነው፤ ልዩነቱን ቀድማችሁ አስረዷቸው። በሌላ በኩል ሁኔታ ሊለወጥ እንደሚችል አትርሱ። በጥቅምት 2014 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዕድሜው ለውትድርና የደረሰና መሣሪያ ያለው ዜጋ እንዲሠለጥንና እንዲዘምት ማዘዝ የሚያስችል ነበር።

ለመመዝገብ ስትሄዱ ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢቻል ሁለታችሁም። ሥልጠናው የትና ስንት ቀን ነው? ለጥሪ ስንት ቀን ቀድሞ ይነገራል? አንድ ጥሪ ቢበዛ ስንት ወር ሊቆይ ይችላል? በጥሪ ላይ ደመወዝ ወይም አበል የሚከፍለው ማን ነው? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? ብሞት ቤተሰቤ ምን ያገኛል? መውጣት ብፈልግስ? መዝጋቢው በቃል የሚነግራችሁና ውሉ ላይ የሰፈረው ከተለያየ፣ የተጻፈውን እመኑ። ስለ ጉዳት፣ ስለ ሞትና ስለ መውጣት የተጻፈ መልስ እስካላያችሁ ድረስ አትፈርሙ።

ቀጥሎ አሠሪ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 18 መሠረት «ብሔራዊ ጥሪ» የሥራ ውልን ለጊዜው ያግዳል። እገዳ ማለት ስንብት አይደለም፤ ጥሪው ሲያበቃ ወደ ሥራ ትመለሳላችሁ። ነገር ግን እስክትመለሱ አሠሪው ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ሥራዬ አይነካም» የሚለውን «ደመወዜ አይቋረጥም» ብሎ ይሰማዋል። ደግሞም በራሳችሁ ፈቃድ የምትሄዱበት ሥልጠና ብሔራዊ ጥሪ ነው ብላችሁ በራሳችሁ አትደምድሙ። ከዓመት ፈቃድ ይታሰብ ወይስ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሁን የሚለውን ከሰው ኃይል ክፍል በደብዳቤ አስወስኑ፤ የአለቃ የቃል እሺታ አለቃው ሲቀየር ያልቃል።

ገንዘቡን በወረቀት ላይ አስሉት። ለምሳሌ ተጠባባቂ ኃይል የሚገባው ሰው 20,000 ብር፣ ቤት የሚቀረው 13,000 ብር ያገኛሉ እንበል። የቤት ኪራይ 8,000፣ ትምህርት ቤትና ሰርቪስ 5,000፣ አስቤዛ 11,000፣ ዕቁብ 4,000፤ ድምሩ 28,000 ነው። የሄደው ሰው ልጅ ያመላልስ ከነበረ ያንን ሥራ የሚሸፍን ሠራተኛ 4,000 ጨምሩ፤ 32,000 ሆነ። በየወሩ 19,000 ብር ይጎድላል፤ በሦስት ወር 57,000። ከመመዝገባችሁ በፊት የሦስት ወር ጉድለታችሁን የሚሸፍን ገንዘብ በእጃችሁ መኖር አለበት ብለን እናምናለን። የኮንዶሚኒየም ብድር ያለባችሁ ደግሞ ባንኩ ዘመቻ ላይ ነኝ ብላችሁ እንደማይጠብቃችሁ አስቡ። ዕቁብ ካላችሁ ዕጣችሁ ቀድሞ ወጥቶ ገንዘቡን ከበላችሁት ቀሪው መዋጮ ዕዳ ነው፤ እሱን ሳትጨርሱ አትሂዱ።

ከሁሉ በላይ የምንመክረው ግን የአራት ሳምንት ሙከራ ነው። ለመግባት ያሰበው ሰው በእነዚያ አራት ሳምንታት ቤት ውስጥ እንደሌለ ይቆጠር፤ ደመወዙ አይነካ፣ ልጅ አያድርስ፣ ገበያ አይሂድ፣ ስልክም አይመልስ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሕፃኑን ፒያሳ አድርሶ ሁለት ሰዓት ተኩል ሜክሲኮ ቢሮ መግባት ለአንድ ሰው ይቻላል? ልጅ አሥር ሰዓት ላይ ሲለቀቅ ማን ይቀበለዋል? ሌሊት ትኩሳት ቢነሳበት ሐኪም ቤት ይዞት የሚሄደው ማን ነው፣ ታናሹ ከማን ጋር ያድራል? ለዚህ «ጎረቤት አለ» አትበሉ፤ የጎረቤቷን ስም ጻፉና ሄዳችሁ ጠይቋት። ሙከራው በሁለተኛው ሳምንት ከፈረሰ ጥሪውም ቤታችሁን ያፈርሰዋል።

ወረቀቶቹን እንዲሁ ሳትንቁ ጨርሱ። በሽማግሌ ወይም በሃይማኖት ተጋብታችሁ ከሆነ ጋብቻውን ወረዳ አስመዝግቡ፤ የልጆችንም የልደት ምስክር ወረቀት አውጡ። ሕጉ ለጋብቻ 30፣ ለልደት 90 ቀን ይሰጣል፤ ጊዜው ቢያልፍም በዘገየ ምዝገባ ይቻላል። የጡረታና የካሳ ጥያቄ የሚጓተተው እነዚህ ሲጠፉ ነው። ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሄዳችሁ ውክልና ስጡ፤ ጠቅላላ ውክልና ግን ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ስለሆነ መሸጥ ወይም በመያዣ ማስያዝ ካስፈለገ በግልጽ ይጻፍ። ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል፤ ለዚያ የሚሆነው ኑዛዜ ነው። የሕይወት መድን ካላችሁ የጦርነት ጉዳት ከሽፋኑ ውጭ መሆን አለመሆኑን አንብቡ። የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ አንዱ በሌለበት ሌላው እንደ አባል እንዲቆጠር ይፈቅድ እንደሆነ ዳኛውን ጠይቁ። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ በሚሄደው ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ ተመዝግበው ከሆነ፣ ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ያለ ገንዘብ እንዳይቀር ቤት የሚቀረው ሰው የራሱን ሒሳብ ይክፈት። ትምህርት ቤትም ልጁን የሚረከበውን ሰው ስም በጽሑፍ ያስቀምጥ።

ልጆች እንደ ዕድሜያቸው ይነገራቸው። ትንንሾቹ ማወቅ የሚፈልጉት ነገ ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣቸው ነው። ትልልቆቹ ግን «ልትሞት ትችላለህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «አይነካኝም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ የተዘጋጃችሁትን ንገሯቸው።

ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም አራስ ከሆነች፣ የሚጦር ሕመምተኛ ወላጅ ካለ፣ ወይም ትዳሩ ራሱ እየተናጋ ከሆነ አትመዝገቡ፤ መራቅ ጠብን አያበርድም። ከሁለታችሁ አንዱ እሺ ያለው ተማርሮ ዝም በማለት ከሆነም እሺታ አልተገኘም። «አሁን አይሆንም» ካላችሁ ምክንያቱን ጻፉት፦ ዕቁቡ፣ የአራሷ ጊዜ፣ የጎደለው ገንዘብ። እነዚያ ሲፈቱ እንደገና ተነጋገሩበት።