የናስ ቱቦ የተገጠመለት የኔርፍ ሽጉጥ ሲነክስ

የስፖንጅ ጥይት የሚተኩሰው መጫወቻ፣ የኔርፍ ሽጉጥ፣ የፋብሪካ አፈሙዙ ወጥቶ በናስ ቱቦ ሲተካ፣ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቀን ስፖንጁ ጥይት መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ያኔ ሁሉም እጁ የሚሄደው እንደገና ስቦ ለመተኮስ ነው። ይህ አይደረግም። ቱቦው ተዘግቶ ሳለ የተገፋው አየር መውጫ ሲያጣ በደካማው በኩል፣ ብዙውን ጊዜ በማጣበቂያው መጋጠሚያ፣ ፈንቅሎ ይወጣል፤ ስፖንጁም የባሰ ይጠቀጠቃል። ደግሞም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ቱቦው ላይ ነው። ጥይቱን ብቻ አውጥቶ የገጠመ ሰው በማግስቱ ያንኑ ሥራ ይደግማል።

ለዚህ ሥራ የተለመደው ቱቦ 17/32 ኢንች የሚባለው ነው። የውጭ ስፋቱ 13.5 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 12.8 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት ደግሞ 0.36 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስፖንጁ 13 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጥቂት ተጨምቆ ያልፋል። ስለዚህ ቱቦው በሁለትና በሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጠብ እንኳ ይይዘዋል።

መጀመሪያ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ ካዝና ካለው አውጡ። ሲተኮስ የነከሰ ከሆነ ሞላው ቀድሞ ተለቋል፣ እንደገና አትሳቡት። ሞላው እንደተሳበ ከሆነና ናይት ፋይንደር እንደሚባለው የኔርፍ ዓይነት ከኋላ የሚሳብ ዘንግ ካለው፣ ዘንጉን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ምላጩን ሳቡና ቀስ አድርጋችሁ መልሱት። አፈሙዙ ውስጥ በዓይን አታጮልቁ።

ስፖንጁን ከመነካካታችሁ በፊት የት እንደቆመ ለኩ። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ክብ እንጨት በአፍ በኩል ስፖንጁን እስኪነካ አስገቡና፣ እንጨቱ ከቱቦው በሚወጣበት ቦታ ላይ ናስትሮ ጠምጥሙበት። የግማሽ ኢንች እንጨትም ይገባል ይባላል፤ ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ትንሽ እርጥበት ካገኘው እሱ ራሱ ይነክሳል።

ማውጣቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ጥይት ከኋላ የሚጎርስ ሽጉጥ ከሆነ በዚሁ እንጨት ከአፍ ወደ ኋላ፣ በመጣበት መንገድ ግፉት። ከአፍ የሚጎርስ ከሆነ ከኋላ መግፊያ ቦታ ስለሌለ አካሉን በካቻቢቴ ፍቱና ቱቦውን ለብቻው አውጡት። ጭንቅላቱ ተበጥሶ ስፖንጁ ብቻ ከቀረ፣ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ የእንጨት ብሎን አስራችሁ ስፖንጁ መሀል ላይ ሁለት ሦስት ዙር አጥብቁና ሳቡ፤ የብሎኑ ጫፍ ናሱን እንዳይጭረው መሀሉን ጠብቁ። አልነቃነቅ ካለ ሁለት ሦስት ጠብታ የሲሊኮን ዘይት ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ አቅጥናችሁ ጨምሩ። ሱፐር ግሉ ቀብቶ ለመሳብ የሚሞክሩ አሉ፤ መጨረሻው ስፖንጁን ከግድግዳው ጋር ማጣበቅ ነው።

አሁን ናስትሮው የነገራችሁን ተመልከቱ።

ጥይቱ የቆመው ጫፍ አካባቢ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ውስጥ ከሆነ፣ ጥፋቱ የቱቦ መቁረጫው ነው። መቁረጫው በተጫነ ቁጥር የቱቦውን ከንፈር ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። በጣት ስትዳስሱት ስለታም ጠርዝ ይሰማችኋል። በክብ ሞረድ ከውስጥ በኩል ጠርዙን ሞርዱት፤ ከዚያ በ600፣ ቀጥሎም በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነካችሁ አለስልሱት። በሌላ ጊዜ ስትቆርጡ መቁረጫውን በየዙሩ በጥቂቱ ብቻ አጥብቁ። በሴጌቶ መቁረጥም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን እንጨቱን ከውስጥ አስገቡ፣ አለበለዚያ ቀጭኑ ናስ ይጨራመታል።

መሀል ላይ ከሆነ ቱቦው ተሰርጉዷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰረጉደው በሞርሳ ወይም በፒንሳ ሲያዝ ነው። እንጨቱን ከውስጥ አስገብታችሁ ቱቦውን በለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉ፤ የተሰረጎደውንም በማንኪያ ጀርባ ከውጭ እየዳመጣችሁ አስተካክሉ። መዶሻ አይነካውም። ስንጥቅ ወይም ስለታም እጥፋት ካለ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ ያንን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት።

በየጊዜው ወደ አፉ ሊደርስ ሲል፣ ሳይጎዳ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ቱቦው ረዝሟል። እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ቱቦ 1.28 ሲሲ አየር ይይዛል። የፒስተኑ ሲሊንደር ስፋቱ 3፣ የሚሄድበት ርዝመት 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 42 ሲሲ ገደማ ይገፋል። አየሩ ቢያንስ የቱቦውን ይዘት ሁለት እጥፍ እንዲሆን ብትፈልጉ፣ ቱቦው ከ16 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ ሲያልፍ ስፖንጁን የሚገፋው አየር አልቆ ግጭቱ ብቻ ይቀራል። ረጅም አፈሙዝ ሩቅ ይተኩሳል የሚለው የብዙ ልጆች እምነት እዚህ አይሠራም።

ቦታው ከተለዋወጠ የውስጡን ገጽታ እዩ። አረንጓዴ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ሎሚና ጨው በጨርቅ ነክራችሁ ጥቂት ደቂቃ እሹት፤ ወዲያው በውኃ አጥባችሁ አድርቁ። ሎሚው ላይ አሳድራችሁ ናሱ ወደ ሮዝ ካደላ ዚንኩ ተበልቶ መዳቡ ቀርቷል፤ ያ ክፍል ይሰባበራል። ውስጡ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ጥይቶቹን ለዩ፦ ስፖንጁ ያበጠ፣ ጭንቅላቱ የተላቀቀ ወይም ከስፖንጁ የሰፋውን አስወግዱ።

አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትበት ሽጉጥ ላይ የተለየ ነገር አለ። 17/32ቱ በ9/16 ኢንች ቱቦ ውስጥ ሲገባ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃዋለች። በጨርቅ ብቻ ጥረጉትና ሲሊኮን ዘይት በጣም በስሱ ቀቡት። ከነዳጅ የሚሠራ ዘይት አንዳንድ ፕላስቲክን ስለሚሰነጥቅ ተዉት።

ስትመልሱት የናሱን ውጭ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ናስትሮ ጠምጥማችሁ መሀል ላይ አቁሙት። የኤፖክሲ ማጣበቂያውን ከቱቦው ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ርቃችሁ ቀቡ፤ ወደ ውስጥ የፈሰሰች ጠብታ ሌላ መንከስ ታመጣለች። ቱቦው እንዲቀና እንጨቱን እስከ ሲሊንደሩ ቀዳዳ አስገብታችሁ ኤፖክሲው እስኪጠነክር፣ አንድ ሙሉ ቀን ያህል፣ ተዉት። ብርቱካንማው የአፍ ምልክት በናሱ ጫፍ ላይ ይመለስ፤ አሜሪካ ውስጥ እውነተኛ የሚመስል የመጫወቻ ሽጉጥ ይህን ወይም ሌላ የተፈቀደ ምልክት ይዞ እንዲሸጥ የፌዴራል ሕግ ያዛል፣ ናስ አፈሙዝ ያለው ደግሞ ከሩቅ እውነተኛ ይመስላል።

በመጨረሻ አዲስ ጥይት አግቡና ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። በራሱ ክብደት መውደቅ የለበትም፤ በአንድ ጣት ስትገፉት ግን ከጫፍ ጫፍ በእኩል ኃይል መሄድ አለበት። ሽጉጡን ስታስቀምጡ ጥይቱን አውጡ፣ ተጨምቆ የከረመ ስፖንጅ ቅርጹን ስለሚያጣ አየር ያሳልፋል።