ለካራቫንዎ የሚመጥን ጎታች መኪና እንዴት ይመርጣሉ?

ሻጭ «ይህቺ መኪና 3,000 ኪሎ ትጎትታለች» ካለዎት ውሸት ላይሆን ይችላል። ቁጥሩ ግን የሚሰላው መኪናዋ ባዶ ለመሆን ትንሽ ሲቀራት ነው። እርስዎ የሚጓዙት ከነቤተሰብዎ፣ ከነጓዝዎ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመጎተት አቅምን ያያል፣ የመጫን አቅምን (መኪናዋ ራሷ ላይ የምትሸከመውን) ይረሳል።

መጀመሪያ የካራቫኑን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተተውን ማደሪያ ቤት፣ ክብደት ይወቁ። ባዶ ክብደቱን ይተዉትና ተጭኖ እንዲደርስ በተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ያስሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 100 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ አንድ ኩንታል ጨመሩ ማለት ነው። ጋዙ፣ ባትሪው፣ ብርድ ልብሱና ድስቱ ገና አልተቆጠሩም።

ቀጥሎ ካራቫኑ ከመኪናዋ ጋር በሚያያዝበት መንጠቆ ላይ የሚያሳርፈውን ክብደት ያውጡ። በሰሜን አሜሪካ አሠራር ይህ ከካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። የአውሮፓ ካራቫኖች ግን ከ5 እስከ 7 በመቶ አካባቢ ስለሚሆኑ የራስዎን ካራቫን መመሪያ ይመልከቱ። ይህ ክብደት ከመኪናዋ የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል።

አሁን የሹፌሩን በር ይክፈቱ። በብዙ መኪኖች የበሩ ምሰሶ ላይ የክብደት ልክ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። የመጫን አቅሟ 560 ኪሎ ነው እንበል። ካራቫኑ 2,400 ኪሎ ቢሆን፣ 12 በመቶው 288 ኪሎ ነው። ሹፌሩን ጨምሮ አራት ሰው 280፣ ሻንጣና ዕቃ 70፣ የመንጠቆው ብረት 30። ድምሩ 668! ካራቫኑ ከ3,000 ኪሎ በታች ሆኖ ሳለ መኪናዋ በ108 ኪሎ ከልክ አልፋለች። ለእኔ ይህች መኪና ለዚህ ካራቫን አትሆንም። ክብደት የሚያከፋፍል መንጠቆ መግጠም ኋላዋ እንዳይዘቅጥ ይረዳል እንጂ የተጻፈውን ልክ ከፍ አያደርግም።

መንጠቆውም፣ ጎማውም፣ የመኪናውና የካራቫኑ ድምር ክብደትም የየራሳቸው ልክ አላቸው። ከሁሉም ትንሹ ልክ ነው የሚወስንልዎት። ከፍታ ላይ የሚነዱ ከሆነ ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል።

ፍሬን ላይ አይደራደሩ። በአውሮፓ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተጎታች የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። የካራቫኑ ፍሬን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ሹፌሩ ጋ መቆጣጠሪያ ይገጠማል። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት ረዘም ያለ መኪናም ይሻላል፤ ነፋስ ካራቫኑን ሲገፋው መሪው በቀላሉ አይረበሽም።

ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱንም ለጉዞ እንደሚጭኑት ጭነው የመኪና ሚዛን ላይ ይውጡ። መጀመሪያ መኪናዋን ብቻዋን ይመዝኑ። ከዚያ ካራቫኑን ያያይዙና የመኪናዋን ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጥተው ይድገሙ። ልዩነቱ መንጠቆው ላይ ያረፈው ክብደት ነው። ለካራቫንዎ ከሚገባው ካነሰ ካራቫኑ መንገድ ላይ ጭራውን መወዝወዝ ሊጀምር ይችላል፤ ከባድ ዕቃዎችን ከካራቫኑ ጎማ ፊት ወዳለው ቦታ ያምጡ። ከበዛ ወደ ጎማው ያስጠጓቸው። ከዚያ እንደገና ይመዝኑ።