ላም ወይ ፍየል መርፌ ካስወጋችሁ በኋላ ወተቱንና ስጋውን ምን ማድረግ እንዳለባችሁ

እስቲ ከእርጎ ልጀምር። እኔ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው ምኖረው፣ ሶስት ላም አለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ለሰፈር ሰው ወተት እሸጣለሁ። አንድ ቀን ሁሌ ከኔ ሚወስዱ እትዬ መጡና "ልጄ ወተትሽ ምን ሆኖ ነው፣ ሶስት ቀን አስቀምጬው አልረጋ አለኝ እኮ" አሉኝ። በድሬ ሙቀት ወተት ሶስት ቀን ሳይረጋ ሲቀር አስቡት፣ እዚህ እኮ ማታ ያስቀመጡት በማግስቱ ነው ሚረጋው። ዕቃቸውን በወይራ አጥነዋል፣ ከበፊቱ እርጎ ጠብ አድርገውበታል፣ ምንም የለም። ውሃ የቀላቀልኩበት መስሏቸው ነበር። ውሃ አልነበረም። አንዷ ላሜ ግቷ አብጦ ፔኒሲሊን ተወግታ ነበር፣ እኔ ደሞ ተሽሏታል ብዬ በሁለተኛው ቀን ወተቷን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ ሸጥኩት። እርጎ ሚያረጋው ባክቴሪያ ነው፣ ፔኒሲሊኑ ወተቱ ውስጥ ገብቶ እሱን ገደለው፣ በቃ ነገሩ ይሄው ነው። ያንን ወተት እትዬ ለልጅ ልጃቸውም ያፈሉላት ነበር፣ ሁለት አመቷ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ይሄን ምጽፈውም ለዛ ነው።

መጀመሪያ፣ ገና መርፌ ሳታስቡ፣ በሽታው አንቲባዮቲክ ሚያድነው ነው ወይ በሉ። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ነው ሚገድለው፣ ቫይረስ አይነካም። የዶሮ ፈንግል ቫይረስ ነው። አፍተግር ቫይረስ ነው። የበግና የፍየል ደስታ መሰል ሚባለውም ቫይረስ ነው። ሐኪም አንዳንዴ በላዩ ላይ ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይጨመር ብሎ ሊያዝ ይችላል፣ እሱ አይቶ ነው፣ እኛ ግን ከብቱ መብላት ባቆመ ቁጥር ሮጠን ሱቅ ሄደን "ኦክሲ ስጠኝ" (ኦክሲቴትራሳይክሊን ሚባለውን አንቲባዮቲክ) ማለት ለምዶብናል። ደሞ እዚህ ከተማ ውስጥ ከብትና ፍየል ሆዳቸው ተነፍቶ መብላት ሲያቆሙ ብዙ ጊዜ ፌስታል በልተው ነው፣ ሆድ ውስጥ ለተጠቀለለ ፌስታል የትኛውም መርፌ አይሰራም። ስለዚ ሐኪም ጥሩ ወይ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱ፣ ስትሄዱ ከመቼ ጀምሮ እንደታመመች፣ ወተቷ በስንት እንደቀነሰ፣ ምን እንደበላች፣ ከዚ በፊት ምን እንደተወጋች ንገሩት። የመጨረሻውን ሰው ይደብቃል፣ ለምን እንደሆነ አላቅም፣ ግን ለሐኪሙ ከሁሉም በላይ ሚጠቅመው እሱ ነው።

መጠኑ በኪሎ ነው እንጂ በሲሪንጁ ልክ አይደለም። ለምሳሌ ባለ 20 ፐርሰንቱ ኦክሲቴትራሳይክሊን በተለምዶ ለ10 ኪሎ 1 ሚሊ ነው፣ ስለዚ 250 ኪሎ ሚሆን በሬ 25 ሚሊ ያስፈልገዋል ማለት ነው፣ እሱም አንድ ቦታ ላይ ሳይሆን ተከፋፍሎ። ሰዉ ግን 10 ሚሊ ሞልቶ አንዴ ወግቶት ይሄዳል፣ የተረፈውን ብልቃጥ ለሚቀጥለው ያስቀምጣል። ክብደቱን በአይን መገመት ከከበዳችሁ ደረቱን ከፊት እግሩ ኋላ በሜትር ዙሪያውን ለክታችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ከዛ ያሰላዋል። "ለአምስት ቀን" ካላችሁ ደሞ አምስት ቀን፣ ሶስተኛው ቀን ላይ ስለቆመች ተብሎ ሚተው ነገር አይደለም።

ለምን ይሄን ያህል አከርራለሁ? ትንሽ መድኃኒት ሲሰጥ ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል ጠንካራው ይቀራል፣ የቀረው ይራባል፣ መድኃኒቱን ሚቋቋምበትን ባህሪም ለሌላ አይነት ባክቴሪያ ማስተላለፍ ይችላል። ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም፣ ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል አሳንሶ መውሰድ ባክቴሪያውን እንደሚያለምደው አስጠንቅቆ ነበር። ለላሟ ምንሰጠው ኦክሲ ደሞ ሐኪም ለኛ ከሚያዝልን ዶክሲሳይክሊን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የከብቱ ሌላ የሰው ሌላ ሚባል ነገር የለም። የለመደው ባክቴሪያ በእበት፣ በእጅ፣ በጥሬ ወተት፣ በቢላዋ ቤት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በአለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገመታል፣ ሁሉም ከከብት የመጣ ነው አልልም፣ እኛ ሰዎቹም ያለ ሐኪም መድኃኒት መዋጣችን ድርሻ አለው፣ ግን የበረቱም ድርሻ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ቀን መቁጠር። ብልቃጡ ላይ ወይ ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ዊዝድሮዋል (withdrawal) ሚል ጽሁፍ አለ፣ መጠበቂያ ጊዜ ማለት ነው፣ ለወተት ይሄን ያህል፣ ለስጋ ይሄን ያህል ይላል። እንግሊዝኛ ማታነቡ ከሆነ የሻጩን ልጅ አስነብቡት፣ ካልነገራችሁ አትግዙ። ለወተት ብዙ ጊዜ በሰዓት ነው ሚጻፈው፣ 72 ሰዓት ካለ ሶስት ቀን ነው፣ በቀን ሁለቴ ምታልቡ ከሆነ የስድስት ጊዜ ወተት ይደፋል። ለስጋ ይረዝማል፣ ባለ 20 ፐርሰንቱ ኦክሲ ብዙዎቹ ላይ 28 ቀን ነው ሚለው፣ ግን ካምፓኒው በተለየ ቁጥር ቁጥሩም ስለሚለይ በእጃችሁ ያለውን ብልቃጥ ነው ማንበብ። አቆጣጠሩ ከመጨረሻው መርፌ ነው፣ ከመጀመሪያው አይደለም። ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው ሚሳሳተው። ግቷ ላይ በትንሽዬ ቱቦ ሚገባው መድኃኒት ከሆነም የታመመውን ጡት ብቻ ደፍታችሁ የሶስቱን አትሽጡ፣ መድኃኒቱ በደም ዞሮ ወደሌሎቹም ስለሚደርስ የአራቱም ይደፋል።

እኔ ከዛ ወዲህ የበረቱ በር ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። የላሟ ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የመጨረሻው መርፌ ቀንና ሰዓት፣ ከስሩ "እስከ ሐሙስ ማታ አይሸጥም"። የተወጋችውን ላም ቀንዷ ላይ ቀይ ጨርቅ አስርላታለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ከሌለሁ ምታልበው እህቴ ናት፣ ልጆቹም ጨርቁን ሲያዩ ያቃሉ። መጨረሻ ላይ ነው ምትታለበው፣ በሌላ ባልዲ።

ሚደፋውን ወተት ለጥጃ አትስጡት፣ ጥጃው ሆድ ውስጥ ያው ባክቴሪያ ማለማመድ ነው። ቦይ ውስጥም አትልቀቁት፣ ከቦይ ደቻቱ ወንዝ ነው ሚሄደው። ከጉድጓድ ውሃ ራቅ ብላችሁ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ያማል፣ አቃለሁ፣ መኖ በዚ ዋጋ ገዝቶ ወተት መሬት ላይ መድፋት። አፍልቼ ብሸጠውስ ለምትሉ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን አያጠፋም። ፔኒሲሊን ሚያስቆጣው ሰው ደሞ አለ፣ ገላው በሙሉ ሚያብጥ፣ እሱ ሰውዬ ከኛ ወተት ሲገዛ ምን እንዳለበት አያቅም።

ለስጋ ሚሸጥም ያው ነው። አረፋ ሲደርስ ወይ ፋሲካ ሲመጣ የታመመ ፍየል በመርፌ አቁሞ ገበያ ማውጣት አለ፣ ዋላሂ ይሄ ነገር መቆም አለበት። የታረደ ከብት አንገት ላይ ወይ ታፋ ላይ ቢጫ ያዘለ ስጋ ካያችሁ የመርፌ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ባለሥጋ ቤቶች ያቁታል። ቀኑ ያልደረሰ ከሆነ ለሌላ በዓል አቆዩት።

ስትገዙ የት እንደተቀመጠ እዩ። ሰኔ ላይ በድሬ ፀሐይ አስፋልት ዳር ፕላስቲክ ላይ የተዘረጋ ብልቃጥ አትግዙ፣ አብዛኛው ከ25 ወይ ከ30 ዲግሪ በታች ከብርሃን ተከልሎ ይቀመጥ ነው ሚለው። ኦክሲ ቀለሙ ጠቁሮ ካያችሁት ተዉት። ሀረር ያላችሁ አየሩ ይሻላችኋል፣ ግን ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው።

ዶሮ ላይ ያለው ስህተት ለብቻው ነው። የሰው ካፕሱል ፈታ አድርጎ ውሃቸው ውስጥ መበተን። ስንት ዶሮ ስንት እንደጠጣ አይታወቅም፣ የታመመችው ውሃ አትጠጣም፣ ጤነኛዋ ትጠጣለች፣ እንቁላሉ ደሞ ያኔውኑ ይበላል። ለእንቁላልም መጠበቂያ ቀን አለው፣ አንዳንዱማ እንቁላሏ ለሚበላ ዶሮ ጭራሽ አይሰጥም ይላል። ደም ደም ያለው ኩስ ካያችሁ ኮክሲዲያ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ጥገኛ ተውሳክ ነው እንጂ ባክቴሪያ አይደለም፣ የራሱ መድኃኒት አለው። ዱቄት መድኃኒት ላይ ኮሊስቲን ሚል ካያችሁ ለሐኪም ሳታሳዩ አትጠቀሙ፣ እሱ ሆስፒታል ውስጥ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ለሰው ሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሊስቲንን ሚቋቋም ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሚተላለፍ ጂን አሳማዎች ላይም ሰዎች ላይም ከተገኘ በኋላ እነሱ ራሳቸው ለማሳደጊያ ብለው መኖ ውስጥ መጨመሩን ከልክለውታል። አውሮፓ ህብረት ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ቶሎ እንዲያድጉ ተብሎ አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ መጨመር አይቻልም። ፈንግል ክትባት አለው፣ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ጤና ተቋም ያመርታል፣ ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባም እንደዛው፣ ዝናብ ሳይመጣ ቀበሌያችሁን ጠይቃችሁ አስከትቡ።

የግት በሽታ ግን በአብዛኛው በእጃችን ነው። ከማለባችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና፣ ለያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ጭማቂ ጥቁር ጨርቅ ላይ እለቧቸው፣ እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነገር ከታየ ገና ግቷ ሳያብጥ ታውቃላችሁ። ታልባ ስታበቃ ጡቷን አዮዲን ንከሩት፣ ወዲያው ደሞ መኖ ስጧት፣ የጡቷ ቀዳዳ ለግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት ስለሚሆን ቆማ ብትበላ እንጂ እበት ላይ ብትተኛ ጥሩ አይደለም። እኔ ይሄን ከጀመርኩ መርፌ ማስወጋት በጣም ቀንሶልኛል።

ወተት ገዢዎችም፣ የግመልም ይሁን የላም፣ "የተወጋች አለች?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ነውር አይደለም። እትዬ አሁን ሁሌ ይጠይቁኛል፣ እኔም በሩ ላይ ያለውን አሳያቸዋለሁ።

የተጠቀማችሁበትን መርፌ ሃይላንድ ውስጥ ከታችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ ለሐኪሙ መልሱለት፣ የተረፈ መድኃኒት ካለም አብራችሁ ስጡት፣ ጎረቤት ቢለምናችሁም አትስጡ፣ የሐኪሙን ስልክ ስጡት።