ኢተሬተር ስትሠሩ ቦታ ጠቋሚውን ከዝርዝሩ ለዩት

ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ ኮድ ለምትጽፉ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። የራሳችሁን ኢተሬተር (የዝርዝሩን አባላት አንድ በአንድ የሚያወጣ መሣሪያ) ላይብረሪ ስትሠሩ «የት ደርሻለሁ» የሚለውን ቁጥር ዝርዝሩን በያዘው ክላስ ውስጥ አታስቀምጡት።

የባቲ ሰኞ ገበያ ነጋዴዎችን መዝግባችኋል እንበል። የተደገመ ስልክ ቁጥር ለመፈለግ ሉፕ ውስጥ ሌላ ሉፕ ትከፍታላችሁ። ሁለቱም በአንድ ጠቋሚ የሚሄዱ ከሆነ የውስጡ እስከ መጨረሻው ይነዳውና የውጪው አንድ ነጋዴ ብቻ አይቶ ቀጥ ይላል። ኤረር የለ፣ ምን የለ! ክፋቱም እሱ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ በተጠየቀ ቁጥር አዲስ ኢተሬተር ይስጥ። የጃቫ ኮሌክሽኖችም እንዲሁ ናቸው።

«ሃዝኔክስት» (ቀጣይ አባል አለ ወይ የሚለው የኢተሬተሩ ሜተድ) ደግሞ ይጠይቅ እንጂ አይራመድ፤ አሥሬ ቢጠራም መልሱ ያው ይሁን። «ሪሙቭ»ን (አባል የሚሰርዘውን ሜተድ) ባትጨምሩት ይሻላል ባይ ነኝ። ጃቫ ራሱ ከ8ኛው ቨርዥን ጀምሮ ግዴታነቱን አንስቶታል።