የኬንታኪ ጠረፍ ሰፋሪን የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከ1775 ጀምሮ በአሜሪካ የአፓላቺያን ተራሮችን ወደ ምዕራብ ተሻግረው ኬንታኪ የገቡ ሰፋሪዎችን ትውልድ የሚቆጥር ሰው ጥቂት ትውልድ ያለ ችግር ወደ ኋላ ከተጓዘ በኋላ ድንገት መንገዱ ይዘጋበታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግር፦ ሰውየው ከአንድ የተወሰነ ዓመት በፊት በካውንቲው (በግዛቱ ሥር ባለው አውራጃ) መዝገብ የለም።

ከሌላ አገር መጣ ብሎ ከመደምደም በፊት ካውንቲው ራሱ መቼ እንደተቋቋመ መጠየቅ ይገባል። በቡንስቦሮ ምሽግ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ከዚያች ስፍራ ፈቀቅ ሳይል የኖረ ሰው በ1775 የፊንካስል ካውንቲ ነዋሪ ነበር፤ በ1776 መጨረሻ ፊንካስል ሲፈርስ የኬንታኪ ካውንቲ፣ በ1780 ኬንታኪ ለሦስት ሲከፈል የሊንከን፣ በ1780ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የማዲሰን ሰው ሆኗል። እስከ 1792 ድረስ ይህ ሁሉ የቨርጂኒያ ግዛት ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ ወሰኑ የተለወጠባቸውን ዓመታት በቅደም ተከተል መጻፍ፣ ቀጥሎም መዝገቡን አዲሱ በተቆረሰበት በእናት ካውንቲው መፈለግ ያስፈልጋል፤ አዲስ ካውንቲ ሲወለድ አሮጌው መዝገብ አብሮት አይሄድምና። የፊንካስል ሰነዶች ለምሳሌ ዛሬም የሚገኙት በቨርጂኒያ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው።

ችግር፦ በሕዝብ ቆጠራ ውስጥ ስሙ አልተገኘም።

የኬንታኪ የ1790 እና የ1800 ቆጠራ ቅጾች ጠፍተዋል። ከዚያ በኋላም ቢሆን እስከ 1850 ድረስ በስም የሚጻፈው አባወራው ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት በዕድሜና በፆታ ተቆጥረው ይታለፋሉ። መፍትሄው የግብር መዝገብ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከቆጠራውም ይበልጣል፣ ምክንያቱም በየዓመቱ የሚጻፍ ከመሆኑም በላይ መሬቱ በየትኛው ወንዝ ዳር እንዳለ ይናገራል። ሁለት ጆኖች በአንድ ካውንቲ ቢገኙ የሚለያቸው ወንዛቸው ነው። በነገራችን ላይ «ሲኒየር» እና «ጁኒየር» የሚሉት ቅጽሎች በዚያ ዘመን አንዳንዴ ታላቅና ታናሽ ለማለት ብቻ ይጻፉ ስለነበር አባትና ልጅ ናቸው ብሎ መቸኮል አይገባም።

ችግር፦ የሚስቲቱ አባት አይታወቅም።

እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች፤ እዚያ ግን በባሏ የቤተሰብ ስም ስለምትጠራ የትውልድ ስሟ ይደበቃል። ባል መሬት ሲሸጥ ሚስቲቱ ባሏ በሌለበት ለብቻዋ ተጠይቃ በመሬቱ ላይ ያላትን መብት መተዋን ታረጋግጥ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ሰነድ የሚሰጠን የራሷን መጠሪያ ብቻ ነው። የአባቷን ስም ለማግኘት የጋብቻ ዋስትና ሰነዱን፣ ማለትም ጋብቻውን የሚከለክል ሕጋዊ ምክንያት እንደሌለ ሙሽራው ከዋስ ጋር የሚፈርመውን ወረቀት፣ መመርመር ይሻላል፤ ዋስ ሆኖ የሚፈርመው ብዙ ጊዜ የሙሽራይቱ አባት ወይም ወንድም ነበርና። ቀጥሎ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ኑዛዜ ማንበብ ነው፤ ያገባች ሴት ልጅ በአባቷ ኑዛዜ ውስጥ ልትጠራ ትችላለችና።

ችግር፦ የልደት ቀኑ በሁለት ሰነድ ሁለት ዓይነት ሆነ።

ሁለት አቆጣጠር ለለመደ አበሻ ይህ እንግዳ አይደለም። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ በ1752 አቆጣጠር ሲለውጡ 11 ቀን ዘለሉ፤ የቡንስቦሮን ምሽግ የመሠረተው ዳንኤል ቡን በአሮጌው ኦክቶበር 22፣ በአዲሱ ኖቬምበር 2 ቀን 1734 ተወለደ መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ችግር፦ ወላጆቹን የሚጠራ አንድም ሰነድ የለም።

እዚህ ላይ ሰውየውን ትቶ ጎረቤቶቹን መከተል ነው፤ ሰፋሪዎች ተራራውን የሚሻገሩት ከዘመድና ከአገር ልጅ ጋር ነበርና። የመሬት ቅየሳ ወረቀቱ ወሰኑን ከነጭ ባሉጥ ዛፍ እስከ ወንዝ አፍ እያለ ይቆጥራል፣ አዋሳኞቹን ይጠራል፤ ከግርጌውም የመለኪያውን ሰንሰለት የያዙ ሰዎች ስም ሰፍሮ ይገኛል። ሰንሰለት ያዦቹ ብዙ ጊዜ የባለመሬቱ ወንድም፣ ልጅ ወይም አማች ስለሚሆኑ፣ የእነርሱን ስም ይዞ ወደ ቨርጂኒያና ወደ ሰሜን ካሮላይና የግብር መዝገብ መመለስ ይቻላል። ከእነርሱ አንዱ አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ባደረገችው የነጻነት ጦርነት ዘምቶ በ1832ቱ ሕግ ጡረታ ጠይቆ ከሆነ፣ የት እንደተወለደና ከየት ወዴት እንደተዘዋወረ በፍርድ ቤት በመሐላ የሰጠው ቃል በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል።