የሕፃን ራስ ሲቲ ላይ መስመር ስታዩ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሲቲ (በጨረር የሚነሳ የራስ ምስል) ለሚያነብ ሬዚደንት፣ ማለትም በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ላለ ሐኪም ነው። ስምና ዕድሜ ማመሳከርን፣ የቆየ ምስል መፈለግን እዚህ አልደግምም።

ችግር፦ ምስሉ ደብዝዟል፣ አጥንቱ ድርብ ሆኖ ይታያል።
መንስኤ፦ ልጁ ተንቀሳቅሷል።
መፍትሄ፦ የተበላሸውን ክፍል ብቻ አስደግሙ። ሙሉውን ራስ ማስደገም ልጁን በከንቱ ለጨረር መዳረግ ነው። የአራት ወር ሕፃን በአዋቂ ፕሮቶኮል (ለአዋቂ በተመጠነ ጨረር) ተነስቶ ሲመጣማ ደሜ ይፈላል።

ችግር፦ አዲስ የተወለደ ሕፃን የአንጎል ደም መላሾች ነጥተዋል።
መንስኤ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጤና ነው። የጨቅላ ደም ወፈር ይላል፣ አንጎሉ ደግሞ ውሃ ይበዛዋል።
መፍትሄ፦ ሁሉም ሥሮች እኩል ከነጡ ተረጋጉ። አንዱ ብቻ ከሆነ የረጋ ደም ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ።

ችግር፦ የራስ ቅሉ ላይ ጥቁር መስመር አለ።
መንስኤ፦ ወይ ስብራት ነው፣ ወይ ሱቸር፣ ማለትም የአጥንቶቹ መጋጠሚያ። ደጋግመን የምንሳሳተው እዚህ ነው። አንድ ሌሊት ከአልጋ የወደቀ የሰባት ወር ልጅ መጣ። "ፓራይታል ስብራት"፣ ማለትም የራስ ቅል የጎንና የላይ አጥንት ስብራት፣ ተብሎ ተጻፈ። እናቱ ስታለቅስ አደረች። ጠዋት ከፍቼ ሳየው ያው መስመር በሌላኛውም ጎን አለ። ዚግዛግ ነው፣ ከላዩም እብጠት የሚባል ነገር የለም። አብሮት የተወለደ ትርፍ መጋጠሚያ ነበር።

መፍትሄ፦ ስብራት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ አንዳንዴም መጋጠሚያ ተሻግሮ ይቀጥላል። መጋጠሚያ ግን ይጠማዘዛል፣ ጠርዙ ነጣ ይላል፣ ጫፉ ሌላ መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። የግንባር መሃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ይዘጋል፤ አንዳንዱ ሰው ግን ይዞት ያረጃል። ከማጅራት በላይ ባለው አጥንትም ግራና ቀኝ የሚገቡ አጫጭር መስመሮች አሉ፤ እነሱም ሰው ያሳስታሉ። እብጠቱ የት እንደሆነ ልጁን ያየውን ሐኪም ጠይቁ። እብጠት ሥር ያለ መስመር እስኪጣራ ድረስ ስብራት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በ5 ሚሊሜትር ስላይስ (የምስሉ ቁራጭ) አትፍረዱ። 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የቀጠነውን በቦን ዊንዶው (አጥንት አጉልቶ በሚያሳየው ማስተካከያ) ክፈቱ፣ ከዚያ ሥሪ ዲውን (ባለ ሦስት ገጽታውን ምስል) ሥሩ። ይህን የምለው ተቀጥቼበት ነው። አንዴ አክሲያሉን (አግድም የተቆረጠውን ምስል) ብቻ አይቼ "ሰላም ነው" ብዬ ጻፍኩ። ስብራቱ ከስላይሱ ጋር አግድም ተኝቶ ነበር፤ ኮሮናሉ (ፊትና ኋላ ለይቶ ቁም የተቆረጠው ምስል) ላይ ግን አፍጥጦ ይታያል። በማግስቱ የደወለልኝ ቀዶ ሐኪም ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የፊልም ፎቶ በቴሌግራም ልካችሁ "ዶክተር፣ ቶሎ ይዩልኝ" አትበሉኝ። የመብራት ነጸብራቅ ስብራት መስሎኝ ያፈርኩበት ቀን አለ። ሲዲውን ላኩ።

ችግር፦ ሰብዱራል ደም (በአንጎሉና በውጭ ሽፋኑ መካከል የፈሰሰ ደም) አለ፣ ታሪኩ ግን "ከሶፋ ወደቀ" ብቻ ነው።
መፍትሄ፦ ሪፖርት ጽፎ መተኛት የለም። ሰው ጎድቶት ሊሆን ይችላል። ለሕፃናት ሐኪሙ ራሳችሁ ደውሉ።

ችግር፦ አንጎሉ በሙሉ ጠቁሯል፣ ሴሬቤለሙ (ከኋላ ሥር ያለው ትንሹ አንጎል) ብቻ ነጭ መስሏል።
መንስኤ፦ አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን አጥቶ ነው። ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ስለሆነ ለደከመ ዓይን ጤነኛ ይመስላል።
መፍትሄ፦ ሪፖርቱን ከመጻፋችሁ በፊት ስልኩን አንሱ።